ሁለተኛው እትምም ያስላል

«ከምሕዋር የወጣ ልብ» በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ አጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ ሰባ ሦስተኛው ገጽ ያስላል። ሁለቴ አከታትሎ ያስልና ትንሽ ያርፋል፤ ከዚያ አንዴ ይደግማል። ሳሉ ደረቅ ነው፤ የትንሽ ልጅ ሳል ነው። መጽሐፉ ሲዘጋ ድምፁ ይታፈናል እንጂ አይቆምም።

ፈትለወርቅ ይህን ያወቀችው ረቡዕ ቀን በምሳ ሰዓት ነው። ሸሚዝ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ከሰፊዎቹ እጅ የወጣውን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ አንገትጌውን፣ እጅጌውንና የቁልፍ ቀዳዳውን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ጉድለት ያለበትን ወደ ኋላ ትመልሳለች። አሥራ አራት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖራለች። ልብ ወለድ እምብዛም አታነብም። መጽሐፉን ያዋሰቻት አጠገቧ የምትሠራው ሙሉእመቤት ናት።

«አንብቢውና እናወራለን» አለቻት ሙሉእመቤት። «የደራሲው ስም ‹ናሁ› ብቻ ነው የሚለው፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን እንዲህ አንጀት የሚበላ ነገር አንብቤ አላውቅም። ስለ ሮኬትና ስለ ሮቦት ነው ብዬ ልተወው ነበር እኮ!»

በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልብስ የሚያጥብላት ሮቦት አላት። ሮቦቱ ማንም ሳያዘው በየሰኞው የሟቹን ሸሚዝ አውጥቶ ይተኩሳል፤ መልሶም ይሰቅለዋል። ፈትለወርቅ ሸሚዝ ስለምታውቅ ይህኛው ነካት፤ አለቀሰች። በሁለተኛው ታሪክ ሰዎች ሐዘናቸውን በካርቶን አሽገው ወደ ጎረቤት ፕላኔት ይልካሉ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ሳይከፍቱት ይመልሱታል። ይህንንም ወደደችው። ይህ ሰው ሐዘን ያውቃል ብላ አሰበች። ኋላ ላይ ከምንም በላይ ያበሸቃት ይህ ሐሳቧ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ «የመስታወት አልጋ» ይላል። አንድ አባት የታመመች ልጁን ይዞ በመንኮራኩር ይጓዛል። መድኃኒቱ ያለበት ፕላኔት አራት መቶ ዓመት ይርቃል። ልጅቷ መስታወት አልጋ ውስጥ ተኝታለች፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዟል። አታድግም፣ አትድንም፣ አትሞትም። ስለ እናቷ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «እናቷ ስትወልዳት ሞታለች» ይላል። ፈትለወርቅ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ስሜት አልፋት ገጹን ገለጠች። ሰባ ሦስተኛው ገጽ ነበር። መጽሐፉ አሳለ።

«ያስላል እኮ» አለች ፈትለወርቅ።

«አዎ፣ ያስላል» አለች ሙሉእመቤት፣ ከምሳ ዕቃዋ ቀና ሳትል። «እኔም እዚያ ጋ ነው ያለቀስኩት።»

«ሁሉም ነው የሚያስለው?»

«የእህቴም ያስላል። የቢሮዋ ልጆች የገዙትም ያስላል። እንዲያውም የማያስል ካጋጠመሽ ሕገ ወጥ ቅጂ ነው ይላሉ።»

ፈትለወርቅ ጆሮዋን ወደ ገጹ አስጠጋች። ሳሉን ታውቀዋለች። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይህን ሳል ስታዳምጥ ከርማለች። የልጇ የሶልያና ሳል ነው። ሶልያና ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። የሞተችውም በእሱው ነው።

ይህን ሳል ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልጅቷ አባት ሲራክ። ሳሉ ቤት ውስጥ ሲጀምራት እሱም ነበር። ሆስፒታል የገባች ዕለት ሐዋሳ ሥልጠና አለብኝ ብሎ ሄደ፤ ስልኩንም ዘጋው። የመጣው በሰልስቱ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ «ማየት አልቻልኩም» አለ፤ የቀረበለትን በላ። ልጅቷ እንዴት እንደሞተች አልጠየቀም። ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም፣ በዓመቱ እስኪፋቱ ድረስም አንድ ቀን አልጠየቀም።

ፈትለወርቅ የቀረውን ቆማ አነበበችው። የታሪኩ አባት አንድ ቀን እንኳ ከአልጋው አጠገብ አይነሳም። ይዘፍንላታል። ግንባሯን ይዳስሳል። ታሪኩ የሚያልቀው «መንኮራኩሯ መንገዷን ቀጠለች፤ ሳሉም እንዲሁ» ብሎ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰችና እናትየዋ የሞተችባትን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበቻት፤ አንገትጌ እንደምትመረምረው።

ፈትለወርቅ ስትናደድ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ እንዲያውም ይረጋል። ያን ዕለት ከሰዓት አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ሸሚዝ መለሰች። የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ አንድ በአንድ አየ። ሁሉም በእርግጥ ጉድለት ነበረባቸው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ መጽሐፍ መደብር ሄደች። ባለመደብሩ አቶ ዘለለው ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ከጀርባቸው ባለው መደርደሪያ ላይ አርባ የሚሆኑ ቅጂዎች በየራሳቸው ጊዜ ያስላሉ። ሳሉ አይገጥምም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጀምራል። ፈትለወርቅ የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«እንዴት ይችሉታል?» አለቻቸው።

«የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር» አሉ አቶ ዘለለው። «የምግብ ዝግጅት መጻሕፍቱን ፊት ለፊቱ ስደረድር ድምፁ ትንሽ ቀነሰልኝ። ምን ይደረግ፣ አንባቢው ወዶታል።»

«ደራሲውን የት ነው የማገኘው?»

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት እዚሁ ይመጣል፤ ይፈርማል። ቀደም ብለው ይምጡ፣ ሰው ይበዛል።»

በእርግጥም ሰው በዛ። ሰልፉ ከመደብሩ በር አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ሁሉም የሚያስል መጽሐፍ ታቅፏል። አንዳንዱ በፎጣ ጠቅልሎታል፤ አንዳንዱ ደረቱ ላይ አስደግፎታል። ከፈትለወርቅ ፊት የቆመች ወጣት ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«እኔ አራት ጊዜ አነበብኩት» አለች። «አራቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ።»

«ሳሉ አይረብሽሽም?»

«ለመድኩት» አለች ወጣቷ።

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ለመልመድ? ሁለት ቀን ቢሆን ነው።»

ፈትለወርቅ አሥራ አንድ ቀን ውስጥ ልትለምደው አልቻለችም ነበር። ይህን ለወጣቷ አልነገረቻትም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ የፈትለወርቅ ንዴትም የሚገባት እሷ አልነበረችም።

እንደጠረጠረችው፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሲራክ ነበር፤ ሸብቷል። አንገቱ ላይ ቀጭን ሻርፕ ጠምጥሟል። ተራዋ ደርሶ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ቀና አላለም።

«ለማን ልበል?» አላት።

«ለሶልያና።»

ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አያት።

«ፈትሌ።»

«ፈትለወርቅ» ብላ አረመችው።

«አንቺ እኮ ልብ ወለድ አታነቢም።»

«አላነብም። ይሄን ግን አነበብኩት። ገድለኸኛል።»

«እንደሱ አይደለም» አለ ሲራክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታሪኩ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አልጋው አጠገብ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ታሪኩ ይላላል።»

«አልጋው አጠገብ ሁለት ሰው መቼ ተቀምጦ ያውቃል?»

ሲራክ ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አየ። ሰልፉም እሱን ያያል።

«ሳሉስ?» አለች ፈትለወርቅ። «እሱንም ታሪኩ ፈልጎት ነው?»

«ሳሉን እኔ አልጻፍኩትም። እኔ የጻፍኩት ‹ልጅቷ አሳለች› ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው እንዲህ የሆነው። መጀመሪያ በጣም ደንግጬ ነበር። ከዚያ ሰው ወደደው።»

«መቼ ነው የሚያቆመው?»

«አያቆምም። ክፍት አጨራረስ ነው።»

«ክፍት አጨራረስ አትበለኝ!» አለች። ድምጿ ከፍ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «መጨረሻውን አታውቀውም። አልነበርክማ! እኔ ጋ አልቆ ነበር። አልቆላት ነበር። አንተ ነህ መልሰህ ያስጀመርካት፤ በየሰዉ ቤት፣ በየመደርደሪያው፣ ሦስት ሺህ ቦታ!»

 ሲራክ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«እንግዲያው ንገሪኝ» አላት በሹክሹክታ። «ሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ ግን ሦስተኛ አለ፤ አስተካክለዋለሁ። እንዴት እንዳለቀ ንገሪኝና እጽፈዋለሁ። ታርፋለች።»

ፈትለወርቅ ይህን አሰበችበት። ልጇ እንድታርፍ ከዓለም ነገር ሁሉ በላይ ትፈልጋለች። ያን የመጨረሻ ሰዓት ደግሞ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም። ከሶልያና የቀራት እሱ ነው።

«ብነግርህ አልጋው አጠገብ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለችው። «እጇን የምትይዛት አንተ ትሆናለህ። እኔ ያኔም ሞቼ ነው የምገኘው። ሰውም ለአንተ ነው የሚያለቅሰው።»

ሲራክ አልተከራከረም፤ ሊያደርግ ያሰበው በትክክል እሱን ስለነበረ።

ፈትለወርቅ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳች። አቁማ ግራ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ጀርባውን ከታች ወደ ላይ መታ መታ ታደርገው ጀመር፤ ነርሷ ያን ጊዜ እንዳሳየቻት። መጽሐፉ አሳለ። ሳሉ መጀመሪያ ባሰበት፤ ከዚያ ረጠበ፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ከሰልፉ ማንም አልሄደም። ፈትለወርቅ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስተኛችው። ሰባ ሦስተኛው ገጽ ዝም ብሏል።

ወጣቷ የራሷን ቅጂ ዘረጋችላት። «የእኔንም ያስተኙልኝ፣ እባክዎ።»

«እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ» አለች ፈትለወርቅ። «ተራው የእሱ ነው።»

ሲራክ ወጣቷን አየ፤ መጽሐፉን አየ። እምቢ ሊል የሚችልበትን ሰበብ እየፈለገ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ ግን ሃምሳ የሚሆን ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር። ተቀበላት። ትከሻው ላይ አስደገፈውና መታው። መጽሐፉ ትን እስኪለው ድረስ አሳለ።

«ጎድጎድ አድርገው መዳፍህን» አለችው ፈትለወርቅ። «እንደሱ ከመታሃት ያማታል። ከታች ጀምር። አትቸኩል።»

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ፈጀበት። እስከ ማምሻው ድረስ ስድስት አስተኛ። የተረፉት ሰዎች ስማቸውን እያስመዘገቡ መጽሐፋቸውን አቶ ዘለለው ጋ ትተው ሄዱ።

ሰኞ ፈትለወርቅ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞላች። ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲሱ እትም ለገበያ ሳይወጣ፣ ሲራክን ከቤቱ ይዛ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ሁለተኛው እትም መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ነበር፤ ሁለት ሺህ ቅጂ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ብርቅነሽ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈዋል።

«ቀለሙ ሲደርቅ ይተወዋል ብለን ነበር» አሉ። «ደረቀ፤ አልተወውም። ሠራተኞቼ አንሠራም ብለው ማመልከቻ አስገብተዋል። ምን ልታደርጉት ነው?»

«እሱ ያስተኛቸዋል» አለች ፈትለወርቅ።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ሲራክን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ጫማውን ያውልቅ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። «ወረቀት ነው፤ አቧራ አይወድም።»

ሲራክ መጋዘኑ መሐል ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ፈትለወርቅ በሩ አጠገብ ወንበር አገኘች። እሷ አንድም መጽሐፍ አልነካችም። ሲሳሳት ታርመዋለች፤ ሲራብ ዳቦ ታመጣለታለች፤ ሌላ ምንም አታወራም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። በየቀኑ እጁ እየለመደ ሄደ። የአንዱ ሳል በአሥር ደቂቃ ይቆም ጀመር። የተኙትን በግራ በኩል ይደረድራል። ያልተኙት በስተቀኝ እስከ ጣሪያው ድረስ ናቸው።

በስድስተኛው ቀን መጽሐፍ አስቀምጦ ተነሳ። ሻርፑን ጠመጠመ።

«ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» አለ። «ከሰዓት እመለሳለሁ።»

ፈትለወርቅ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«ያኔም ሥልጠና ነበረብህ።»

«ይሄ ሌላ ነው።»

«ስልክህን ስጠኝ።»

«ፈትለወርቅ፣ ልቀቂኝ።»

«ስልክህን ስጠኝ አልኩህ። እንዳትዘጋው እኔ እይዝልሃለሁ።»

ሲራክ ያን ጊዜ ጮኸ።  «ምን አድርግ ነው የምትይኝ? አልቻልኩም! አልኩሽ እኮ፤ ያኔም ነገርኩሽ! ማየት አልቻልኩም! ልጄን እንደዚያ ሆና ማየት አልቻልኩም!»

«እኔስ የቻልኩ መስሎህ ነው?»

አልጮኸችም። ሲራክ ግን እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«እኔ ስለቻልኩ ነው የተቀመጥኩት? ሰባት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የምታስበው? እሷ ትችላለች፣ እሷ ጠንካራ ናት፣ ብለህ? እኔ በየቀኑ ልሸሽ በሩን አይ ነበር። በየቀኑ! የቀረሁት የሚተካኝ ስላልነበረ ነው። አንተ ስለሄድክ ነው!»

ሳሉ በስተቀኝ በኩል ቀጠለ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ቅጂ ገደማ ይቀር ነበር። ሲራክ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ሻርፑን ፈታና መሬት ላይ ጣለው፤ ስልኩን ሰጣት፤ ካርቶኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዲስ መጽሐፍ አነሳ። አለቀሰ። ፈትለወርቅ ስታለቅስ የኖረችው ለልጇ እንጂ ለእሱ ስላልነበረ፣ እንባውን ዝም ብላ አየችው። ምንም አልቀለላትም። የሚቀላት መስሏት ነበር፤ ግን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ንዴቷ እዚያው ቦታው ላይ ጠበቃት።

በዘጠነኛው ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በጣሪያው መስታወት ገብታ ወለሉ ላይ አርፋ ነበር። ሲራክ አንዱን ቅጂ ትከሻው ላይ አስደግፎ ጀርባውን መታ መታ ያደርጋል። እጁ አሁን ጎበዝ ሆኗል። ሳሉ ረጠበ፤ ራቀ፤ ቆመ። ሊያስቀምጠው ሲል መጽሐፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ» አለ።

የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ትንሽ የሻከረ፣ ከእንቅልፍ የነቃ። ፈትለወርቅ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ይህን ድምፅ ከሰማች ሰባት ዓመቷ ነው። ሮጣ ሄዳ መጽሐፉን ከእጁ ልትነጥቀው እግሮቿ ተነሱ፤ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ወዬ» አለች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ሆስፒታል አልነበረም።»

ሲራክ መጽሐፉን ከትከሻው ሳያወርድ ወደ ፈትለወርቅ ዞረ። ዓይኖቹ ይለምኗታል። መልሱን እሷ እንድትሰጥለት ነበር የሚፈልገው። ፈትለወርቅ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል ቆየች።

«እሱን ጠይቂው፣ የኔ እናት» አለች።

ሲራክ አፉን ከፈተ። 

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሳል ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ከበሩ ውጪ የወይዘሮ ብርቅነሽ የእግር ኮቴ ቀጥ አለ። በስተቀኝ በኩል እስከ ጣሪያው የተደረደሩት መጻሕፍት፣ ከሥር ያሉትም ጭምር፣ ሽፋናቸውን የአንድ ጣት ያህል ከፍ አደረጉ። ነፋስ አልነበረም። በእያንዳንዱ ሽፋን ሥር ባለው ጨለማ ውስጥ ሁለት ሁለት እርጥብ ዓይን ብልጭ አለ፤ ሳይርገበገብ፣ ወደ ሲራክ ዞሮ፣ መልሱን ይጠብቅ ጀመር።